ግዝቱ ያለበት ምዕራፍ

መጽሐፍ ለአሳታሚ የሚያሻሽጠው፣ ወኪል የሚባለው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ «ማን ነሽ?» ብሎ ይጠይቃል። የልጅ ልጄ ትርንጎ እንደነገረችኝ፣ የሚላክለት ደብዳቤ አንድ ገጽ ብቻ ሆኖ ሦስት ነገር መመለስ አለበት። መጽሐፉ ስለ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሚያነበው፣ የጻፈው ሰው ማን እንደሆነ። ለሁለቱ መልስ አላጣሁም። ሦስተኛው ላይ ግን ተያዝሁ። ዕድሜዬን ችግኝ ሳፈላ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ፤ ትምህርት ቤት ደጃፍ የደረስሁትም ልጆቼን ላስመዘግብ ነው። ይህ በአንድ ገጽ ምን ተብሎ ይጻፋል?

«እንዲሁ ያውሩኝ፣ እኔ አሳጥረዋለሁ» አለችኝ ትርንጎ።

አወራኋት፣ አሳጠረችው። ያጠረው ለወኪሎቹ ሄደ። ያላጠረው ይኸው ነው።

ትርንጎ ዓረብ አገር የሰው ልጅ ስታሳድግ ቆይታ የተመለሰች ናት። እንግሊዝኛውን ከዚያው ይዛው መጣች። አሁን ደብረ ታቦር ላይ አንዲት ጠባብ ጽሕፈት ቤት አላት፤ ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ፎርም ትሞላለች። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቤት መዋል ስለማያስችለኝ እሷ ዘንድ እሄድና ደንበኛ እስኪመጣ ስለ ተራራና ስለ ጎርፍ አወራታለሁ። ለካ ትጽፈው ኖሯል። አንድ ቀን ወረቀቱን ከምራ አሳየችኝ።

«እምዬ፣ ይኼ እኮ መጽሐፍ ነው። ውጭ አገር ስለ አየር ንብረት መፍትሔ የሚናገር መጽሐፍ ይፈለጋል። እርስዎ ደግሞ መፍትሔውን ሠርተውታል።»

«እኔ የሠራሁት ጎርፍ ማሰር ነው።»

«እሱኑ ነው እንዲያ የሚሉት።»

ወኪል ማለት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የከብት ገበያ ደላላ በሉት። ባለ በሬው ከገዢው ጋር ፊት ለፊት አይነጋገርም፤ ደላላው መጥቶ ጥርሱን ያያል፣ ጀርባውን ይዳስሳል፣ ካመነበት ይዞት ይሄዳል። መጽሐፍም እንደዚያው ነው። ትርንጎ ወደ እንግሊዝኛ መልሳ ለብዙ ወኪሎች ላከች። አብዛኞቹ ዝም አሉ። የመለሱትም መልካም ሥራ እንደሆነ ነገር ግን እነሱ ከያዙት ጋር እንደማይስማማ በትሕትና ጻፉ። በሬው ጥሩ ነው፣ ለእኔ ቀንበር አይሆንም እንደማለት ነው። አልከፋኝም። እኔ ስንት የወይራ ፍሬ ዘርቼ ስንቱ ሳይበቅል ቀርቷል።

ስለ ወይራ ካነሳሁ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ሥራ የገባሁት ከደብረ ታቦር ግርጌ፣ ወንዝ ዳር በነበረው ችግኝ ጣቢያ ነው። የቀን ሠራተኛ ነበርሁ። ደመወዙን ተዉት፣ ለጨውና ለበርበሬ ይበቃ ነበር። ሥራው አፈር መንፋት፣ ከፍግና ከአሸዋ ጋር ማደባለቅ፣ ላስቲክ መሙላት ነው። ላስቲኩ ላላ ብሎ ከተሞላ ውሃው ጎን ለጎን ያመልጣል፤ ከተጨቆነ ደግሞ ሥሩ መግቢያ ያጣል። በአውራ ጣት ጫን ሲሉት መልሶ የሚገፋ መሆን አለበት፤ እንደ ደህና ሊጥ።

የጣቢያው ሹም አያ ካሴ ይባሉ ነበር። ረዥም፣ ጎንበስ ያሉ፣ ሲናገሩ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ነበሩ። ማለዳ መጥተው ለማንም ጤና ይስጥልኝ ሳይሉ ከመደቡ መካከል አንድ ችግኝ መርጠው ይነቅላሉ። ደህናውን እንጂ የታመመውን አይነቅሉም። ላስቲኩን ቀድደው አፈሩን በጣታቸው አራግፈው ሥሩን ያያሉ። መጀመሪያ ባየሁ ጊዜ አላስቻለኝም።

«አያ ካሴ፣ ምነው እሱ ምን አደረገ?» አልኋቸው።

«ላዩን ማየት የእንግዳ ነው። አንዱን ካልገደልሁ የሌሎቹን ሥር በምን አውቃለሁ?» አሉኝ።

ሥሩ ከላስቲኩ በታች ወደ መሬት ወርዶ ከሆነ ሁሉንም አስነስተው በምላጭ ያስቆርጡናል። ክረምቱ ሲቃረብ ውሃውን ያስቀንሱናል። ሊተከል ያለ ችግኝ ችግር መልመድ አለበት፤ ተንፈላስሶ ያደገ ተራራ ላይ አንድ ሳምንት አይውልም። ሌላው ልማዳቸው መዝገቡ ነበር። ሌሎች ጣቢያዎች ሐምሌ ላይ የተተከለውን ቆጥረው ሪፖርት ያደርጋሉ። አያ ካሴ በመጪው ግንቦት፣ በጋው ሁሉን አድርቆ ሲያበቃ፣ ተራራ ለተራራ እየዞሩ የሞተውን ይጽፋሉ። ገጹ የሚጀምረው በሞተው ነው። ለምን እንደሞተ ከጎኑ አለ፤ ምስጥ፣ ፍየል፣ ውርጭ፣ የእኛ ስንፍና። «የእኛ ስንፍና» የሚለው ዓምድ ነበረው፤ ቀልዴን አይደለም።

ፊደል ያስቆጠረኝም እሳቸው ናቸው ማለት ይቻላል። በየመደቡ ራስ ላይ የዛፉ ስም የተጻፈበት እንጨት ይተከላል። ወይራ፣ ጽድ፣ ኮሶ፣ ዋንዛ። ውሃ ሳጠጣ አየዋለሁ። ሀ ሁን ሳላውቅ ወይራን አነበብሁ፤ ከዚያ «ወ» ዋንዛ ላይ ስትመጣ ዘመዷ መሆኗን ለየሁ። ስጽፍም እስከ ዛሬ እጄ ከባድ ነው፣ ግን ይነበባል።

የወይራ ፍሬ ድንጋይ ነው። ሽፋኑን በጉጠት ጫፉ ላይ ሰበር ካላደረጉት ዓመት ሙሉ መሬት ውስጥ ያንቀላፋል። እኔ ግን ከአንዲት ፍየል ጠባቂ ሴት የተማርሁትን አመጣሁ፤ ፍየል ሥጋውን በልታ ስታመሰኳ ፍሬውን ትተፋዋለች፣ እሱ ቶሎ ይበቅላል። በረት እየዞርሁ ለቀምሁ። አያ ካሴ ሁለቱንም በየፊናው ዘርተው ጠበቁ። የእኔው ቀድሞ ወጣ። ምንም አላሉም፤ በማግሥቱ ግን እንጨቱ ላይ ከ«ወይራ» ሥር «የብርቄ» ተብሎ ስሜ ተጽፎ አገኘሁ። እንዲህ ያለ ሹመት ዳግመኛ አላየሁም።

እሳቸው ሲያርፉ እኔ ከቦታ ቦታ ተላክሁ። ሐሙሲት ነበርሁ፤ እዚያ ሙቀቱና ምስጡ አስለቀሱኝ። የነበረን አለቃ ታፔላ የሚወድ ሰው ነበር፣ ከችግኙ በፊት ታፔላው ይተከላል። ደግሞም ታፔላው አንድም ቀን ደርቆ አያውቅም። ከዚያ ጣራ ገዳም አጠገብ ለዘር ለቀማ ለወራት ተቀመጥሁ፤ መነኮሳቱ የወደቀውን እንጂ ከዛፉ ላይ እንዳንነካ እያስጠነቀቁ ያስለቅሙን ነበር። የመጨረሻው የቀይ አፋፍ ምዕራፍ ነው። መጽሐፉ የሚቆምበትም የሚወድቅበትም እሱ ነው።

ቀይ አፋፍ በእኛና በእብናት መካከል ያለ ተራራ ነው። ስደርስ ሣር የሚባል አልነበረበትም። ከላይ የሚወርደው ጎርፍ መሬቱን ሰንጥቆ ቤት የሚውጥ ቦረቦር አውጥቶ ነበር። ሕዝቡ በደቦ ወጥቶ እርከን ሠራ፣ ቦረቦሩን በድንጋይ ከተርን፣ ችግኝ ተከልን። ከከብት ንክኪ እንዲከለልም ተስማማን። መስማማቱ ቀላል ነው። ሰው ቀን ቀን ይስማማል፣ ጎሕ ሲቀድ በሬውን ያስገባል። ዘበኛ ቀጠርን፤ ዘበኛውም በሬ ነበረው።

እኔ ታዲያ ብልሃት ፈጠርሁ። የአጥቢያው ካህን መምሬ ውብነህ የተከበሩ ሰው ናቸው። ከቅዳሴ በኋላ ጠጋ ብዬ ተራራውን እንዲገዝቱልኝ ለመንኋቸው። ዘበኛ ይተኛል፣ ግዝት አይተኛም ብዬ።

መምሬ ወዲያው እሺ አላሉም። «ብርቄ፣ ግዝት ማሰር በአንድ ቃል ነው፤ መፍታቱን አስበሽበታል?» አሉኝ።

«ሣሩ ሲደርስ ይፈቱልናል፤ በየቤቱ ድርሻ እናጭዳለን» አልሁ።

በሚቀጥለው እሑድ ሕዝቡ በተሰበሰበበት «ከዚህ ተራራ ሣር ያጨደ፣ እንጨት የቆረጠ፣ ከብት ያስገባ የተገዘተ ይሁን» ብለው መስቀላቸውን አነሱ። ከዚያ ቀን ወዲያ አንድ ቅጠል አልተነካም። በሁለተኛው ዓመት ሣሩ ወገብ ደረሰ። በሦስተኛው ከተራራው እግር ደርቆ የነበረ ምንጭ ፈለቀ፤ ዙሪያው በጋም ክረምትም ማገጥ የሚባለውን ባለ ሦስት ቅጠል ሣር የሚያበቅል ለምለም ሆነ። ከየቢሮው ሰው እየመጣ አየው። እኔም ኮራሁ፤ መኩራቴን አልደብቅም።

መምሬ ውብነህ ግን ችግኙ ይጠንክር ሲባል ግዝቱን ሳይፈቱ በድንገት አረፉ። ያን ዓመት ደግሞ በልጉ ቀረ፣ መኖ ጠፋ። ሌላ ካህን ይፍታው ሲባል፣ አዲስ የመጡት ቄስ የሞተ ሰው ያሰረውን ከበላይ ሳላስፈቅድ አልፈታም አሉ። ማመልከቻ ተጻፈ፣ ማኅተም ተጠበቀ፣ መልሱ ዝናብ ከጣለ በኋላ መጣ። ይህ ሁሉ ሲሆን ወገብ የደረሰው ሣር እንደቆመ ደረቀ፤ ከሥሩ በሬዎቹ አጥንታቸው እየተቆጠረ ሽቅብ ያዩታል። እኔ ራሴ ቆሜ «እጨዱ» አልሁ። ማንም አልሰማኝም። ልክ ነበሩ፤ ያሰርሁት በእኔ ቃል አልነበረም።

ከተራራው ሥር እናኑ የምትባል ሴት ነበረች፤ ባሏ የሞተባት፣ አንድ በሬ ያላት። በሬዋን ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅታ ነበር የምታርስ። የእሷው በሬ ሞተ። አንድ በሬ ያለው መቀናጆ አያጣም፣ ምንም የሌለው ግን ምን ያቀናጃል? መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ እብናት ወረደች። ስትሄድ አላነጋገረችኝም። ያን ግንቦት መዝገቤን ስከፍት ችግኙ ሁሉ ደህና ነበር። የእኛ ስንፍና የሚለው ዓምድ ውስጥ ግን እናኑ ብዬ ጻፍሁ።

ይህን ሁሉ ለትርንጎ ነግሬያት ኖሮ አንድ ምዕራፍ አድርጋዋለች። ከወኪሎቹ መካከል ሶስና የምትባል አንዲት ሴት መለሰች። እዚህ አገር ተወልዳ ውጭ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ ንጹሕ ነው። በስልክ ልታነጋግረኝ ፈለገች። ትርንጎ ስልኩን ድምፁ እንዲወጣ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ፎርም ሊያስሞላ የመጣ አንድ ገበሬም አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ነበር።

«እማማ ብርቄ፣ መጽሐፍዎን ሁለት ጊዜ አነበብሁት» አለች ሶስና። «ልይዘው እፈልጋለሁ።»

ገበሬው ጎንበስ ብሎ «ስለ ማዳበሪያውም ይንገሩልን» አለኝ በሹክሹክታ። ትርንጎ በዓይኗ ገሠጸችው።

«እግዜር ይስጥሽ ልጄ» አልሁ።

«አንድ ነገር ግን አለ። የቀይ አፋፍ ምዕራፍ መጀመሪያ መምጣት አለበት። ካህኑ፣ መስቀሉ፣ ምንጩ፤ አንባቢ ያን ሲያነብ ተስፋ ያገኛል። ሴትዮዋና በሬዋ ግን ይውጡ። ምንጩ ላይ እናቁመው።»

«እናኑ ትውጣ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሐሰት ይጻፉ አላልሁም፣ ሁሉም አይጻፍ ነው ያልሁ። ተራራ መከለል ሰው ይጎዳል የሚሉ አሉ፤ ይህን አንድ ገጽ ይዘው ሌላውን ሁሉ ያፈርሱብዎታል። ከእርስዎ መጽሐፍ የተነሳ አንድ ተራራ ሳይከለል ቢቀርስ?»

ይህ ነገር ሞኝ ነገር አልነበረም። እንደዚያ የሚሉ ሰዎች በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንድ የሞተ በሬ አንስተው ጫካ ያስመነጥራሉ። ላስብበት ብዬ ስልኩ ተዘጋ።

ትርንጎ ፊቷ በርቶ ነበር። ይህን ቀን ስንት ጊዜ ጠብቃዋለች። «እምዬ፣ አንድ ሴት ናት። ስሟን እንቀይረውና በሌላ ቦታ በጥቂቱ እንጠቅሳት።»

«ሳልጠይቃት ጻፍኋት፣ አሁን ደግሞ ሳልጠይቃት ላውጣት?»

ያን ስናገር ነው ነገሩ የገባኝ። ከዚያ ዓመት ወዲህ እናኑን ሄጄ አላየኋትም። የጻፍኋት በመዝገብ ነው እንጂ ደጇን አልረገጥሁም።

ማለዳ ሚኒባስ ተሳፍሬ እብናት ወረድሁ። ገበያ ቀን ነበር። እናኑን እህል ተራ አገኘኋት፤ ከፊቷ የማሽላ ጆንያ አፉን ከፍቶ ቆሟል። ጠጉሯ ነጥቷል። ዓይኗን አጥብባ አየችኝ።

«እት ብርቄ ነሽ ወይስ ሙት ነው የማየው?»

«እኔው ነኝ።»

«አሮጊት ሆነሻል።»

«አንቺስ?»

«እኔማ ድሮም አሮጊት ነበርሁ። ነይ ተቀመጪ፣ ገዢ እንዳትከልዪብኝ ወደዚህ።»

ጆንያው ጥግ ተቀመጥሁ። መጽሐፍ እንደጻፍሁ፣ እሷ እንዳለችበት፣ አውጪያት እንደተባልሁ ነገርኋት። በእኔ ግዝት ምክንያት በሬዋ ሣር እያየ በረሀብ እንደሞተ መጻፌንም ነገርኋት። እሷ ማሽላውን በእጇ እያፈሰች ትመልሳለች።

«እንደዚያ አይደለም» አለች።

«ምኑ?»

«በረሀብ አልሞተም። አጭጄለታለሁ።»

ዙሪያውን አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አንድ ማለዳ ምንጩ ዳር ወረድሁ። ያ ለምለም። ማንም አላየኝም። አንድ ሸክም አጨድሁና አበላሁት። እንዴት እንደበላ ብታዪው። ፀሐይ ሳትሞቅ ሆዱ ከበሮ ሆነ፣ ተንጋለለ፣ ሞተ። ግዝቱ ነው የያዘኝ። የነፍስ አባቴም አያውቁም። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን አልገባሁም፤ ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ እመለሳለሁ። ልጆቼ እግሯን ያማታል ይላሉ።»

ይህን ሁሉ ዓመት በሬ ብቻ እንዳሳጣኋት ነበር የማውቀው።

«እናኑ፣ ያጨድሽው ማገጥ ነበር?»

«ማገጥ ነበር።»

«ጤዛው ሳይረግፍ?»

«ሰው ሳያየኝ ብዬ እኮ ነው። አዎ።»

«እንግዲያ ስሚኝ። የተራበ በሬ ከጤዛ ጋር ማገጥ ጠግቦ ከበላ ሆዱ ይነፋል። ግዝት ባልነበረበት ሜዳ በዓይኔ ያየሁት ነው። ድርቆሽ አስቀድመሽለት ቢሆን፣ ጥቂት ጥቂት ቢሆን ይተርፍ ነበር። የገደለው ማገጡ ነው።»

ማሽላው ከእጇ ፈሰሰ። አንዲት ገዢ መጥታ ዋጋ ጠየቀች፤ እናኑ አልመለሰችላትም፣ ሴትዮዋ ሄደች።

«ማገጥ ሆድ እንደሚነፋ እኔም አውቅ ነበር እኮ» አለች በመጨረሻ። «ልጅ ሆኜ አውቅ ነበር። እንዴት ጠፋኝ?»

«ስለፈራሽ ነው። ያስፈራሁሽ እኔ ነኝ።»

«አንቺ ነሽ» አለች። አላስተባበለችልኝም። «ያኔ መጥተሽ ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት? ከቤቴ እስከ ምንጩ የድንጋይ ውርወራ ነው።»

ሰው ጎድቶ ቸኩሎ ይቅርታ መጠየቅ እንዳለ አውቃለሁ፤ እኔ ግን አልጠየቅሁም። ከጎኗ ተቀምጬ የፈሰሰውን ማሽላ ለቀምሁ። እሷም ለቀመች።

ስነሣ «ምን ልጻፍ?» አልኋት።

«እንደሆነው ጻፊው። ማጨዴንም ጻፊ። ስሜን ከነአባቴ ስም አድርጊው፤ እናኑ ብቻ የሚባል ስንት አለ። የነፍስ አባቴ ግን ከመጽሐፍ አይስሙት፣ ቀድሜ እነግራቸዋለሁ።»

ተመልሼ ምዕራፉን ከትርንጎ ጋር እንደገና ሠራነው። ረዘመ። ምንጩ አለ፣ መምሬ ያሉኝ አለ፣ ማገጡ አለ፣ ሳልሄድ የቀረሁባቸው ዓመታት አሉ። አንድ ነገርም ጨመርሁበት፦ ተራራ የሚከልል ሰው ሁሉ ከመከለሉ በፊት የሚከፈትበትን ቀንና የሚከፍተውን ሰው ይወስን፤ የሚከፍተው ሰው ቢሞት ማን እንደሚተካውም ይወስን። ከአርባ ክትር ይልቅ ይህን አንዱን ብማር ይሻለኝ ነበር። ትርንጎ ስትተይብ አንድ ቦታ ላይ ቆማ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ወዲያ ስም እንቀይር አላለችኝም።

ሶስና ዘንድ ተላከ። ሰነበተችና ደወለች። ያነበበችው ከቀድሞው እንደሚበልጥ፣ ሆኖም አብረዋት የሚሠሩት ሰዎች እንዲህ ሆኖ እንደማይቀበሉት ነገረችኝ። ድምጿ አዝኖ ነበር።

«ሐሳብዎን ከለወጡ ደጄ ክፍት ነው።»

«አልለውጥም ልጄ። አንቺ ግን አልበደልሽኝም።»

«እማማ ብርቄ፣ እናኑ ነገረቻቸው? ለነፍስ አባቷ?»

«ገና አልሰማሁም።»

«ሲሰሙ ይንገሩኝ። ለሥራው አይደለም፣ እንዲሁ።»

ትርንጎ ደብዳቤውን ለሌላ ወኪል ላከችው፤ ከዚያም ለሌላ። እስካሁን የያዘው የለም። እኔም ጽሕፈት ቤቷ እየሄድሁ እቀመጣለሁ።

ባለፈው እሑድ ከቀትር በኋላ ስልኬ ጮኸ። እናኑ ናት፣ በልጇ ስልክ። የነፍስ አባቷ ሰምተው ብዙ እንዳልተቆጡ፣ ቀኖና ሰጥተዋት እሱን እንደጨረሰች፣ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» እንዳሏት ነገረችኝ። በዚያው ጠዋት ከሴቶቹ ጋር ገብታ አስቀድሳለች።

«እግርሽንስ አላመመሽም? ቅዳሴው አልረዘመብሽም?» አልኋት።

«አጠረብኝ» አለች።